ከሮማ ወደ ሳን ቪቺኖ ተራራ፦ አባ መጋል የወደቀበትን ጫካ ለማየት ለሚያስቡ

በሮማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሳያስበው የአገሩን ታሪክ በእግሩ ሲረግጥ ይውላል። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ጓደኛውን የሚቀጥርበት አደባባይ ስሙ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ እንደማለት። አምስት መቶዎቹም እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከቴርሚኒ ወደ ሳን ጆቫኒ ወረድ ሲል ደግሞ የአምባ አራዶም ጎዳና ይቀበለዋል። በፌብሩዋሪ 1936 የራስ ሙሉጌታ ጦር በመድፍ፣ በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ የተቀጠቀጠበት ተራራ ስም ነው። ጣሊያኖች ዛሬ «አምባራዳን» ሲሉ ትርምስምሱ የወጣ ነገር ማለታቸው ሲሆን፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው። ያን ያህል ወገን ያለቀበት ተራራ የቀልድ ቃል ሆኖ ቀርቷል።

ከሮማ በስተምሥራቅ ባሉት ተራሮች መካከል አፊሌ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ2012 በሕዝብ ገንዘብ ለሮዶልፎ ግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንፃ የተሠራው እዚያ ነው። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያውያን በልዩ ልዩ አገር ሰልፍ ወጥተዋል፣ አቤቱታ ፈርመዋል፣ ደግ አድርገዋል። ይሁን እንጂ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የየካቲት 12ቱ ጨፍጫፊ የተከበረበትን ኮረብታ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ በሮማ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ኢትዮጵያዊ ፋሺስትንና ናዚን ሲወጋ የወደቀበትን፣ እዚሁ ጣሊያን ምድር ላይ ያለውን ተራራ ግን የሚያውቀው ስንቱ ነው?

ተራራው ሞንቴ ሳን ቪቺኖ ይባላል። የሚገኘው በማርኬ ክፍለ ሀገር፣ ከሮማ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ነው። ከፍታው 1,479 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሸንን ለሚያውቅ ሰው ኮረብታ ቢመስለው አይፈረድበትም። ወገቡን የጠመጠመው የቢች ዛፍ ጫካ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጣሊያኖች ዛፉን «ፋጆ» ይሉታል። በአዘቦት ቀን እዚያ የሚሰማው ነፋስና የከብት ቃጭል ብቻ ነው። በፋሲካ ማግስት ምግቡን ቋጥሮ ወደ ካስቴሊ ሮማኒ ለሽርሽር የሚወጣ ማኅበር ወይም ዕድር አንድ ዓመት ፊቱን ወደዚያ ቢያዞር ምን ሊያይ እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ነገሩ የሚጀምረው ከናፖሊ ነው።

ሜይ 9 ቀን 1940 ፋሺስት ኢጣልያ በናፖሊ ከተማ ፉዎሪግሮታ በተባለው ሰፈር «የባሕር ማዶ ግዛቶች» ብላ የሰየመችውን ታላቅ ኤግዚቢሽን ከፈተች። ቀኑ የተመረጠው ሙሶሊኒ አዲስ አበባ በተያዘች ሰሞን ኢምፓየር አቋቋምኩ ብሎ ያወጀበት አራተኛ ዓመት በመሆኑ ነው። በግቢው ውስጥ ጎንደር ያለው የፋሲለደስ መዋኛ ከነግንቡ ተመስሎ ተሠራ፤ ዛሬም ናፖሊ የሄደ ሰው ሊያየው ይችላል። ግንቡ ብቻውን አይበቃም ተብሎ ሰውም ተጨመረበት። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ወታደሮች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት በመርከብ ተጭነው መጡ። ሥራቸው በተሠራላቸው መንደር ውስጥ መኖርና ትኬት ቆርጦ ለሚገባው ሕዝብ መታየት ነበር።

ኤግዚቢሽኑ አንድ ወር እንደሞላው ጁን 10 ቀን ሙሶሊኒ ጦርነት ውስጥ ገባና በሩ ተዘጋ። የሱዌዝ መንገድ በእንግሊዞች እጅ ስለነበረ ወደ አገር መመለስ የማይታሰብ ሆነ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ተመልካች በሌለው የትርዒት ግቢ ውስጥ በዘበኛ ተጠብቀው ሦስት ዓመት ሊጠጋ ተቀመጡ። የዘር ሕጉ ከነጭ ጋር እንዳይቀላቀሉ ይከለክላል፤ ናፖሊ ደግሞ ከሰማይ ቦምብ ይዘንብባታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ሜይ 5 ቀን 1941 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ አገሪቱ ነፃ ስትወጣ፣ እነርሱ የዚያች አገር ቅኝ ተገዢ ናሙና ተብለው እዚያው መቅረታቸው ነው።

በ1943 ጸደይ የናፖሊ ድብደባ ሲበረታ ስልሳ ገደማ የሚሆኑት ወደ ማርኬ ተወሰዱና ትሬያ በምትባል የኮረብታ ከተማ አጠገብ ቪላ ስፓዳ በሚባል ሰፊ ቤት ታጎሩ። ይህን ቤት ያሳመረው በሮማ ፒያሳ ዴል ፖፖሎን የነደፈው አርክቴክት ጁሴፔ ቫላዲየር ነው። የቤቱ ሌላ ስም «ላ ኩዊዬቴ» ነው፤ ጸጥታ ማለት ነው። ለእስረኛ መኖሪያ የተገኘለት ስም እንግዲህ ይህ ነው። ከትሬያ ኮረብታ ላይ ወደ ምዕራብ ሲያዩ በቀጥታ መስመር ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጉብ ብሎ የሚታየው ሳን ቪቺኖ ነው። በየቀኑ ጠዋት ያዩት ነበር ማለት ነው።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1943 ኢጣልያ እጇን መስጠቷ በራዲዮ ተነገረ። ነገሩን የተናገረው ማርሻል ባዶሊዮ ነበር። በአምባ አራዶም ላይ ጦሩን ያዘዘው፣ «የአዲስ አበባ መስፍን» የሚል ማዕረግ የተሸለመው ያው ባዶሊዮ ነው። ንጉሡም እርሱም ሮማን ጥለው ሸሹ፤ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ጀርመኖች አገሩን ያዙ። በማርኬ ውስጥ የነበሩት የእስረኛና የግዞተኛ ካምፖች በሮቻቸው ተከፈቱ ወይም ተሰበሩ። እንግሊዞች፣ ዩጎዝላቮች፣ ሩሲያውያን፣ አይሁዶች ወደየተራራው ተበተኑ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በሳን ቪቺኖ ጫካ ውስጥ ማሪዮ ዴፓንገር የተባለ ሰው ባቋቋመው ቡድን ተሰበሰቡ። ማሪዮ ከካፖዲስትሪያ የመጣ፣ በ1897 የተወለደ፣ በፋሺስቶች ዘመን ብዙ እስርና ግዞት ያየ ኮሚኒስት ነበር። ቡድኑም በስሙ «ባንዳ ማሪዮ» ተባለ። («ባንዳ» የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ይጎረብጣል። በጣሊያንኛ ግን የታጠቀ ቡድን ማለት ብቻ ነው። በእኛ አገር ለጠላት ያደረውን የሰየመ ቃል በዚህ ተራራ ላይ የአርበኛው ስም ሆኗል።)

በኦክቶበር 1943 ከቪላ ስፓዳ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጠፍተው ተራራ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የማሪዮ ሰዎች በቤቱ ያለውን የዘበኞች መሣሪያ ለመውሰድ ቪላ ስፓዳ ድረስ ወርደው ወረራ አደረጉ፤ ሲመለሱ ሌሎችም አብረዋቸው ወጡ። በጠቅላላው አሥር ወይም ከዚያ በለጥ የሚሉ የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች «ዱር ቤቴ» አሉ።

ይህ ውሳኔ ቀላል እንዳልነበረ ለመረዳት መንገዱን በልብ መሄድ ይበቃል። ከካምፕ ያመለጠ እንግሊዛዊ የገበሬ ኮትና ቆብ ካደረገ አፉን ዘግቶ በጀርመን ኬላ ፊት ሊያልፍ ይችላል። ጥቁር ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። በ1943 ማርኬ ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው በመንደር ቢያልፍ እስከ ማታ ወረዳው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ የሚሄደው በሌሊት ነው፤ የሚሸሸገውም ጫካ ውስጥ ብቻ ነው። በጫካም መኖር የቻለው በየጎጆው የነበሩት ጭሰኞች አይተው እንዳላዩ በመሆናቸው፣ ካላቸው ዳቦና ቺዝም በመቁረሳቸው ነው። እነዚህ ገበሬዎች ስለ አፍሪካ የሚያውቁት የፋሺስት ጋዜጣ የነገራቸውን ነበር፤ ግን አሳልፈው አልሰጡም።

የቡድኑ ዋና መጠለያ ከብራካኖ መንደር በላይ በጫካው ውስጥ የሚገኘው ሮቲ የተባለ ጥንታዊ ገዳም ነበር። በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱ፣ አይሁዱና እስላሙ አንድ እሳት ዙሪያ ተቀመጡ። ቋንቋቸው ብዙ ነበር። ትእዛዝ የሚተላለፍበት ጣሊያንኛ ለአፍሪካውያኑ የገዢዎቻቸው ቋንቋ ነው፤ ለብዙዎቹም አብረው ከሚዋጉት ሰዎች ጋር የሚያግባባቸው እርሱ ብቻ ነበር።

ከኢትዮጵያውያኑ መካከል ስሙ ጎልቶ የቀረው በጣሊያኖች ዘንድ ካርሎ አባማጋል ተብሎ የሚጠራው ነው። ካርሎ የሚለው ጣሊያናዊ ስም ነው። አባ መጋል የሚለውን ግን ኢትዮጵያዊ ሲሰማው በፈረስ ስም የመጠራት ወግ እንደሆነ ይገባዋል። የጅማውን ታሪክ ለሚያውቅ ደግሞ የቀዳማዊ አባ ጅፋር አባት ስም መሆኑ ትዝ ይለዋል። ይህ ሰው ተራራ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ኖቬምበር 24 ቀን 1943 ከጀርመኖች ጋር በተደረገ ግጭት በሳን ቪቺኖ አካባቢ ወደቀ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 14 ቀን 1936 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከማሪዮ ቡድን ቀድመው ከሞቱት አንዱ እርሱ ነበር። መቃብሩ በሳን ሰቬሪኖ ማርኬ ከተማ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ በልቡ «አብዲሳ አጋስ?» ማለቱ አይቀርም። በጣሊያን ተራሮች ፋሺስትን ስለተዋጋው አብዲሳ አጋ በትምህርት ቤት ያልተማረ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የአብዲሳ ታሪክ የራሱ ነው፣ ከዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም። የሳን ቪቺኖዎቹን ልዩ የሚያደርጋቸው ስማቸውና ቦታቸው በጣሊያን መዝገብ ውስጥ መገኘቱ ነው። ማቴዎ ፔትራቺ የተባለው የማርኬ የታሪክ ተመራማሪ መዛግብቱን አገላብጦ በ2019 «ፓርቲጃኒ ዶልትሬማሬ» የሚል መጽሐፍ አውጥቷል፤ የባሕር ማዶ አርበኞች ማለት ነው። መጽሐፉን አንድ ወገን ወደ አማርኛ፣ ሌላው ወደ ኦሮምኛ ቢመልሰው ምንኛ መልካም ነበር።

በጉዞው ላይ ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት ሌላ ቀን ማርች 24 ቀን 1944 ነው። በሮማ የኖረ ሁሉ ይህን ቀን ያውቀዋል። ጀርመኖች በፎሴ አርዴያቲኔ ዋሻ 335 ሰዎችን የረሸኑበት ቀን ነው። በዚያው ዕለት ጀርመኖችና ፋሺስቶች ቫልዲዮላ በሚባለው ሸለቆ በኩል የማሪዮን ቡድን ከበው ሊደመስሱት ዘመቱ። ውጊያው ቡድኑን ጨርሶ ማጥፋት አልቻለም። በብራካኖ መንደር ግን የቤተ ክርስቲያኑን ቄስ ዶን ኤንሪኮ ፖኮኞኒን ገደሉ። አብረው ከሞቱት መካከል ከአፍሪካ ቀንድ የመጣው ቱር ኑር ይገኝበታል። የማርኬ ገበሬ ልጅና የሶቪየት ወታደርም በዚያ ቀን ወድቀዋል። አንድ የገጠር ቄስና ለትርዒት የመጣ አፍሪካዊ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምክንያት፣ በአንድ መንደር ሞቱ። ዛሬ ብራካኖ ግድግዳዎቿ በሥዕል የተሸፈኑ መንደር ናት፤ ለጉብኝት የሚመጣው ሰው ብዙው ለሥዕሉ ነው።

እውነቱን ማለስለስ አያስፈልግም። ከቪላ ስፓዳ ሰዎች ተራራ ያልወጡም ነበሩ፤ ሴት፣ ሕፃን፣ በሽተኛ ይዞ የት ይኬዳል? ከወጡትም መካከል ቀደም ሲል የጣሊያንን የደንብ ልብስ ለብሰው ያገለገሉ ነበሩባቸው። ሁሉም ኢትዮጵያውያንም አልነበሩም፤ ሶማሌውም ኤርትራዊውም አብሮ ነበር። በኋላ ዘመን በአገር ቤት የመጣው መለያየት በሮቲ ገዳም እሳት ዙሪያ ገና አልደረሰም። ዛሬ በሮማ የኢትዮጵያው፣ የኤርትራውና የሶማሌው ማኅበር አንድ አውቶቡስ ተከራይተው ቢሄዱ ታሪኩን የሚመጥን እርሱ ነው። የማይሆን ነገር ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ በእነዚያ ክረምቶች ከዚህ የከበደ ነገር ሆኗል።

አሁን ወደ መንገዱ። በመኪና ከሮማ ሳን ሰቬሪኖ ማርኬ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በፎሊኞ አልፎ ወደ ቶለንቲኖ የሚወርደው መንገድ ጥሩ ነው። በባቡር የሚሄድ ከቴርሚኒ የአንኮናውን መስመር ይዞ ፋብሪያኖ ይወርድና ወደ ቺቪታኖቫ በሚሄደው አነስተኛ መስመር ማቴሊካ ወይም ሳን ሰቬሪኖ ይደርሳል። በዚህ ትንሽ መስመር ላይ ለጥገና እየተዘጋ አውቶቡስ የሚተካበት ጊዜ ስለነበረ ከመነሣት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ማድረግ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ይቻል ይሆናል፣ ግን ሩጫ ነው። ቅዳሜ ሄዶ እሁድ መመለስ ይሻላል።

ቅዳሜውን በትሬያና በሳን ሰቬሪኖ ማዋል ይገባል። ቪላ ስፓዳን ከውጭ አይቶ ፊትን ወደ ምዕራብ አዙሮ ተራራውን ማየት፣ ከዚያ ወደ መቃብሩ መሄድ። የ2016ቱ ርዕደ መሬት ይህን አካባቢ ክፉኛ ስለጎዳው የሚዘጉ ቦታዎች ሊኖሩ ይችላሉና ለከተማው ማዘጋጃ ቤት አስቀድሞ ደብዳቤ መጻፍ ብልህነት ነው። የአርበኞቹ ማኅበር አንፒም በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ ከሮማ ኢትዮጵያውያን መጡ ሲባል መንገድ የሚያሳይ ሽማግሌ አይጠፋም። ማቼራታም ሩቅ አይደለችም። በፌብሩዋሪ 2018 አንድ ፋሺስት በመኪና እየዞረ ስድስት አፍሪካውያንን ተኩሶ ያቆሰለባት ከተማ ናት። ይህን ሰምተው «ወደዚያ ልጆቼን አልወስድም» የሚሉ ወላጆች ነበሩ። ስጋታቸው አይናቅም፤ ነገር ግን ልጆቹ ስለዚያ አገር የሚያውቁት ያንን ቀን ብቻ እንዳይሆን ነው ጉዞው የሚያስፈልገው። እዚህ የተወለደ ልጅ በትምህርት ቤቱ የጣሊያንን የነፃነት ትግል ይማራል፤ የእርሱን ስም የሚመስል ስም ግን በመጽሐፉ ውስጥ አያገኝም።

እሁድ ጠዋት ለመራመድ ሁለት አማራጭ አለ። ጉልበቱ ደኅና የሆነ በአፒሮ በኩል ፒያን ዴልኤልሞ ድረስ በመኪና ወጥቶ ከዚያ በእግሩ ወደ ጫፉ ይወጣል። ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው፤ መጀመሪያ በጫካ፣ በመጨረሻም በድንጋያማ ገላጣ ላይ። ጫፉ ላይ የብረት መስቀል ቆሟል፤ ሰማዩ ከጠራ በአንድ ወገን የሲቢሊኒ ተራሮች፣ በሌላው ወገን ወደ አድሪያቲክ ባሕር የሚወርደው አገር ይታያል። አረጋውያንና ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ደግሞ መኪና እስከ ካንፋይቶ ሜዳ ስለሚደርስ እዚያ ሊቆዩ ይችላሉ። በካንፋይቶ ካሉት የቢች ዛፎች አንዳንዶቹ የመቶ ዓመታት ዕድሜ አላቸው። እነ አባ መጋል ሲያልፉ ትልልቅ የነበሩ ዛፎች ናቸው። ከካንፋይቶ ወደ ሮቲ የሚወርድ የእግር መንገድም አለ፤ መመለሻው ዳገት መሆኑን ሳይረሱ።

ውኃ ከታች ይዞ መሄድ ይገባል፤ ተራራው ድንጋዩ ኖራማ ስለሆነ ምንጭ እንደልብ አይገኝም። በሶና ቆሎ ከማንኛውም የሱፐርማርኬት ምግብ ይሻላል፤ ዶሮ ወጡ ለመልስ ይቆይ። የከተማ ጫማ አይሆንም። በጫካው ውስጥ ስልክ የማይይዝበት ቦታ ስለሚኖር ተለያይቶ መሄድ ጥሩ አይደለም።

ስለ ጊዜው ክርክር ሊነሣ ይችላል። ማርች 24 የሮማውን መታሰቢያ ያሻማል፤ በዚያ ወቅት ጫፉ ላይ በረዶ ሊኖርም ይችላል። ኖቬምበር 24 የአባ መጋል ዕለት ነው፤ ቀኑ አጭር፣ ብርዱ ብርቱ፣ ጭጋጉ ወፍራም ነው። ለሽማግሌዎች የሚመቸው የኦክቶበር አጋማሽ ሲሆን ያኔ ቅጠሉ ሁሉ ቀይና ወርቅማ ስለሚሆን ቅዳሜና እሁድ ካንፋይቶ በመኪና ይጨናነቃል። ጸጥታውን የፈለገ በጁን ይሂድ። ወጣቶቹ ግን፣ ካፖርትና መብራት ከያዙ፣ በኖቬምበር አንድ ጊዜ ቢወጡት ሰውዬው ምን ዓይነት ብርድ ውስጥ እንደተዋጋ ይገባቸዋል።

የቀረው ጸሎት ነው። አባ መጋል የሚለው ስም ከጅማ ወገን ይጠቁማልና ጧፍ ገዝቶ ከመምጣት በፊት ማሰብ ደግ ነው። ከቡድኑ ጋር ቄስም ሼኽም ቢኖሩ፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ቢቀጥል፣ በሮቲ ከተደረገው የተለየ ነገር አይሆንም።